ለተንቀሳቃሽ የጥገና ሥራ ስለሚውል አነስተኛ የብየዳ መሣሪያ አመራረጥ

በድርቅ ጊዜ ስለ እህል፣ ስለ ውኃና ስለ መድኃኒት ብዙ ይጻፋል። እነዚህን ከቦታ ቦታ የሚያደርሰው ብረት ሲሰበር ምን መደረግ እንዳለበት የሚጻፈው ግን ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚብራራው ይኸው ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ከጋራዥ ርቆ ለሚሠራ የጥገና ቡድን የሚሆን፣ በአንድ ፒክአፕ ተጭኖ የሚሄድ የብየዳ መሣሪያ እንዴት ሊመረጥ እንደሚገባ ነው። ጽሑፉ በዋነኛነት የታሰበው ለበያጁ ሳይሆን የግዢ መጠየቂያውን ለሚፈርመው ኃላፊና ዕቃውን ለሚረከበው የመስክ ሠራተኛ ነው።

አቦምሳን ለምሳሌ እንውሰድ። የቀድሞው የአርባ ጉጉ አውራጃ ዋና ከተማ፣ የዛሬው የመርቲ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ይህች ከተማ በአዋሽ ሸለቆ ቆላና በአርሲ ደጋ መካከል ትገኛለች። አርሲ ሲባል ብዙ ሰው በዓይነ ኅሊናው የሚያየው የአሰላንና የበቆጂን የስንዴና የገብስ ማሳ ነው። ይሁን እንጂ መርቲ፣ ጀጁ፣ ሲሬና ዶዶታ በቆላማ ክፍላቸው ዝናብ በየጊዜው የሚያጥራቸው ወረዳዎች ናቸው። በእንዲህ ያለ ቦታ 10,000 ሊትር የሚጭን የውኃ ቦቴ በቀን ሁለት ጊዜ ቢመላለስ፣ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር በሚለው የእርዳታ ሥራ ዝቅተኛ መለኪያ ሲሰላ ከ1,300 ለሚበልጥ ሰው ይደርሳል። የዚህ ቦቴ የታንከር ማቀፊያ ተሰንጥቆ መኪናው ለሦስት ቀን ጋራዥ ቢቆም፣ የጠፋው የሦስት ቀን የመኪና ኪራይ ብቻ አይደለም።

የሠፈራ ጣቢያዎች ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ መተከል፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ጋምቤላ በተወሰደ ጊዜ፣ በተለይ በጣና በለስ እርሻው በትራክተር ላይ እንዲመሠረት ተደርጎ ነበር። በሬ የሌለው ገበሬ በትራክተር ሲታረስለት፣ አንድ የማረሻ ክንድ ተሰብሮ የሚቆይበት ሳምንት የዘር ወቅት ሊያሳልፍ ይችላል። አርሲ በዚህ ረገድ የተሻለ ልምድ አላት። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት በአሰላ የተሻሻለ ማረሻና ጋሪ ይሠራና ይሞክር ነበር፤ ዛሬም በዚያችው ከተማ የግብርና ምህንድስና ምርምር ማዕከል አለ። ስለዚህ ብረት የሚያውቅ ሰው በአካባቢው አይጠፋም። የሚጠፋው መሣሪያውን ብረቱ ወደተሰበረበት የማድረስ አቅም ነው።

መሣሪያ ከመምረጥ በፊት የሚበየደውን ነገር መለካት ያስፈልጋል። በእርዳታ ሥራ በብዛት የሚያጋጥመው የካሶኒ ማጠፊያ፣ የተሳቢ መሳቢያ፣ የታንከር ማቀፊያ፣ የእጅ ፓምፕ እጀታና መቆሚያ፣ የወፍጮ እግር፣ የመጋዘን በርና የጋሪ አካል ነው። የእነዚህ አብዛኛዎቹ ውፍረት ከ3 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ነው። ለዚህ 2.5 እና 3.25 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ይበቃል፤ የመጀመሪያው ከ60 እስከ 100፣ ሁለተኛው ከ90 እስከ 140 አምፔር ይፈልጋል። እንግዲህ 140 አምፔርን ያለ ጭንቀት የሚሰጥ መሣሪያ ሥራውን ይሸፍናል። ለተንቀሳቃሽ ቡድን 250 ወይም 300 አምፔር የሚጠይቅ የግዢ ሰነድ የሚያመጣው ከባድ ዕቃና ከዚያ የከበደ ጄኔሬተር ነው።

ለምርጫ የሚቀርቡት ዓይነቶች ሦስት ናቸው ማለት ይቻላል። በየመንደሩ የብረት በር የሚሠሩ ወጣቶች የሚጠቀሙበት በመዳብ ወይም በአሉሚኒየም ጥቅል የሚሠራው ትራንስፎርመር ጠንካራና በቀላሉ የሚጠገን ነው፤ ሆኖም ከ20 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል፣ ከጄኔሬተር ላይም ብዙ ኃይል ይስባል። ሞተርና ማመንጫው ከብየዳው ጋር አንድ አካል የሆነው መሣሪያ ለብቻው ራሱን የቻለ ነው፤ ክብደቱ ግን ትንሹም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከ60 ኪሎ በላይ በመሆኑ ሁለት ሰው ካላነሣው አይወርድም። ሦስተኛው ኃይሉን በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚቀይረው ኢንቨርተር ነው። 160 አምፔር የሚሰጠው ከ5 እስከ 8 ኪሎ ብቻ ስለሚመዝን በትከሻ ማሰሪያ ይሸከሙታል፤ ቅስቱም የተረጋጋ ነው። ድክመቱ አቧራን፣ እርጥበትንና የተዛባ ቮልቴጅን የሚፈራ መሆኑና ሲበላሽ በመስክ የማይጠገን መሆኑ ነው። በጋዝ የሚሠራው ብየዳ ለቀጭን ላሜራና ለመቁረጥ ጥሩ ቢሆንም፣ የሲሊንደሩ ክብደትና የኦክሲጅን መሙያው ርቀት ለተንቀሳቃሽ ሥራ አያመቸውም።

የጸሐፊው አስተያየት ወደ ኢንቨርተሩ ያዘነብላል። ነገር ግን ኢንቨርተር መምረጥ ማለት ጄኔሬተር መምረጥ ማለት ነው፤ አብዛኛው ስሕተት የሚፈጸመውም እዚህ ላይ ስለሆነ ሒሳቡን ቀስ ብሎ ማየት ይጠቅማል።

በ120 አምፔር ሲበየድ የቅስቱ ቮልቴጅ ወደ 25 ይጠጋል። ሁለቱ ሲባዙ 3 ኪሎዋት ይሆናል። መሣሪያው ከሚቀበለው ኃይል 83 በመቶውን ለሥራ ቢያውል፣ ከጄኔሬተሩ የሚጠይቀው 3.6 ኪሎዋት ነው። ርካሽ ኢንቨርተሮች ኤሌክትሪኩን የሚስቡት በተቆራረጠ መንገድ በመሆኑ የኃይል ፋክተራቸው ዝቅ ብሎ 0.68 አካባቢ ይሆናል፤ በመሆኑም ጄኔሬተሩ 5.3 ኬቪኤ መሸከም አለበት። የኃይል ፋክተር ማስተካከያ ያላቸው መሣሪያዎች ይህን ወደ 3.7 ያወርዱታል። ዋጋቸው ይበልጣል፤ ሆኖም ትንሽ ጄኔሬተር ስለሚበቃቸውና ብዙዎቹ የቮልቴጅ መዋዠቅን ስለሚታገሡ ልዩነቱ ከጄኔሬተሩ ዋጋ ላይ በከፊል ይመለሳል።

ሁለተኛው ሒሳብ የከፍታ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ አየሩ ይሳሳልና። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ እዚያ የሚሠራ ሞተር 28 በመቶ ያህል ይቀንሳል። 3.6 ኪሎዋት በአሰላ ለማግኘት በፋብሪካው ወረቀት ላይ 5 ኪሎዋት የተጻፈበት ሞተር ያስፈልጋል ማለት ነው። በ1,500 ሜትር ላይ ግን 4.4 ኪሎዋት ይበቃል። ቡድኑ ከአቦምሳ ቆላ ቀበሌዎች ወደ ደጋው የሚወጣ ከሆነ መለካት ያለበት በደጋው ነው። ጥቂት መጠባበቂያ ሲጨመርበት 6 ኪሎዋት የማያቋርጥ ኃይል ያለው፣ 6.5 ኬቪኤ የሚሸከም ጄኔሬተር ተገቢ ይሆናል። «የማያቋርጥ» የሚለው ቃል በሰነዱ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ሻጮች በትልቁ የሚያትሙት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚገኘውን ከፍተኛውን ቁጥር ነውና። በጀቱ ለዚህ የማይፈቅድ ከሆነ ሥራውን በ2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድና በ80 አምፔር መወሰን ይቻላል፤ ያን ጊዜ ፍላጎቱ ወደ 3.3 ኬቪኤ ይወርዳል። ቀስ ይላል እንጂ ይሠራል።

በመሣሪያው ሰሌዳ ላይ ከአምፔሩ ጎን በመቶኛ የተጻፈ ሌላ ቁጥር አለ። ይህ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ስንት ደቂቃ ሳያርፍ ሊበይድ እንደሚችል የሚያመለክት ነው፤ 60 በመቶ ማለት ስድስት ደቂቃ ሥራ፣ አራት ደቂቃ ዕረፍት ነው። ልኬቱ በ40 ዲግሪ ሙቀት የተደረገ መሆኑን መጠየቅ ይገባል፤ በ20 ዲግሪ የተለካ ቁጥር ለአዋሽ ሸለቆ ቀትር ምንም አይነግረንም። መጠየቂያው «በ40 ዲግሪ ሙቀት፣ በ60 በመቶ፣ ከ120 አምፔር የማያንስ» ተብሎ ቢጻፍ «200» የሚል ቁጥር በሳጥኑ ላይ ታትሞበት የሚመጣውን ደካማ ዕቃ ያስቀራል።

ገመድ ትንሽ ነገር ይመስላል። በ50 ሜትር ርቀት ላይ ስፋቱ 1.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር በሆነ ገመድ 24 አምፔር ቢሳብ 28 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ በ6 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ግን 7 ቮልት ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ «ማሽኑ ተበላሸ» ተብሎ የሚመለሰው ዕቃ ጤነኛ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ኢንቨርተሩ ቀላል ስለሆነ ወደ ሥራው ይጠጋ፤ ጄኔሬተሩ ደግሞ ጭሱና አቧራው እንዳይደርስ ራቅ ይበል። መሣሪያውን በሸራ ከረጢት መሸከም፣ በየሳምንቱም ከፍቶ አቧራውን በደረቅ አየር ማራገፍ ዕድሜውን ያረዝመዋል።

ኤሌክትሮድን በተመለከተ በቁጥር 6013 የሚታወቀው ለአብዛኛው ሥራ ይሆናል። 7018 የሚባለው ለተሳቢ መሳቢያና ክብደት ለሚሸከም አካል የተሻለ ጥንካሬ ይሰጣል፤ ነገር ግን እርጥበት ከነካው ከ300 እስከ 350 ዲግሪ ባለው ምድጃ ካልደረቀ ብየዳው ይሰነጠቃል። ምድጃ የሌለው ቡድን በጥቂቱ፣ ፋብሪካው ባሸገው ጣሳ ብቻ ይያዘው።

ኃላፊው ሊያውቃቸው የሚገቡ ክልከላዎችም አሉ። ነዳጅ የነበረበት በርሜል ወይም ታንከር ባዶ ቢመስልም አይበየድም፤ በውስጡ የቀረው ትነት ይፈነዳል። ጎማ የተገጠመበት ቸርኬም እንዲሁ። ባሌስትራ ሲሰበር ይለወጣል እንጂ አይበየድም፤ በሙቀቱ ጠባዩ ተለውጦ ጭነት ሲያርፍበት ከጎኑ ይሰበራል። በመኪና ላይ ከመበየዱ በፊት የባትሪው ገመድ ይፈታ፣ የምድር መቆንጠጫውም ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይያዝ፤ አለበለዚያ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታ ውስጥ አልፎ ያበላሸዋል። ጋልቫናይዝድ ቧንቧ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለትን ያመጣል፤ በያጁ ሽፋኑን ፍቆ፣ ነፋሱን በጎኑ አድርጎ ይሥራ። ሣሩ በደረቀበት ወራት ደግሞ አንድ በርሜል ውኃና አካፋ የመሣሪያው አካል ሆነው ይቆጠሩ። በሣር ክዳን ቤቶች አጠገብ አንድ ፍንጣሪ ድርቁ የተወውን ይጨርሳል።

ዕቃው ሲመጣ ርክክቡ በመጋዘን ጠረጴዛ ላይ አይፈጸም። ከሚሠራበት ጄኔሬተርና ከሚሠራበት የ50 ሜትር ገመድ ጋር ተያይዞ፣ የሚቻል ከሆነ በአሰላ ከፍታ፣ በቀትር ይሞከር። በያጁ አምስት የ3.25 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮዶችን በ120 አምፔር በተከታታይ በ6 ሚሊ ሜትር ላሜራ ላይ ይጨርስ፤ በዚህ መካከል ቅስቱ ቢጠፋ፣ ጄኔሬተሩ ቢያቃስት ወይም የሙቀት መብራቱ ቢበራ ይመዝገብ። ከዚያም ብየዳው በመዶሻ ተመትቶ ይታይ። የርክክቡን ሰነድ ከንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ጋር በያጁም ይፈርምበት፤ መለዋወጫ መያዣ፣ ጭምብል፣ የቆዳ ጓንት፣ የብረት ብሩሽና የጄኔሬተሩ የአየር ማጣሪያ በቁጥር ካልቀረቡ ፊርማው ይቆይ።