የአምፕሊፋየር ሳጥን ከምን ይሠራ?

በቤቱ አምፕሊፋየር የሠራ ተማሪ አንድ ክስተት ሳያጋጥመው አይቀርም። ሰርኪዩቱ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ደህና ይሠራል፤ ጣት ወደ መግቢያው ሽቦ ሲጠጋ ግን ስፒከሩ «እምምም» ማለት ይጀምራል። ይህ ከግድግዳው የ50 ኸርዝ የኤሌክትሪክ መስመር በሰውነታችን በኩል የሚገባ ድምፅ ነው። ብዙዎች ሳጥንን ሁሉም ሥራ ካለቀ በኋላ እንደሚለበስ ልብስ ይቆጥሩታል። እኛ ግን ሳጥኑ የሰርኪዩቱ አንድ ክፍል ነው እንላለን፤ በዘፈቀደ የተመረጠ እንደሆነ ድምፅ ያበላሻል፣ ቺፕ ያቃጥላል፣ ከዚያም አልፎ ሰው ሊገድል ይችላል።

ለምሳሌ ያህል ቲዲኤ 2030 የተባለውን ቺፕ እንውሰድ። አዎንታዊና አሉታዊ 14 ቮልት ተሰጥቶት ባለ 4 ኦም ስፒከር ቢነዳ፣ ከፍተኛው ሙቀቱ እንዲህ ይሰላል፦ የ14 ካሬ ሲባዛ በ2፣ 392 ይሆናል፤ ይህንንም ለፓይ ካሬና ለ4 ብዜት ማለትም ለ39.5 ስናካፍል 10 ዋት ገደማ እናገኛለን። በእያንዳንዱ ዋት 4 ዲግሪ የሚሞቅ ክንፋም ማቀዝቀዣ ብንገጥምለት፣ ማቀዝቀዣው ከአካባቢው አየር በ40 ዲግሪ ይበልጣል ማለት ነው። አልሙኒየም ሙቀትን ከተራ ብረት አራት እጥፍ ያህል፣ ከእንጨት ደግሞ ከሺህ ጊዜ በላይ ስለሚያስተላልፍ፣ ከአልሙኒየም የተሠራ ሳጥን ራሱ የማቀዝቀዣው ተቀጥላ ይሆናል። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል አየር በሩብ ገደማ የሳሳ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። በአምራቹ ሰነድ ላይ የሰፈረው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ይህን አያስብም፤ ስለዚህ ተለቅ ያለ ማቀዝቀዣ መምረጥ ይበጃል።

ወደ «እምምታው» እንመለስ። ኤሌክትሪካዊውን መስክ ለማገድ፣ ከዜሮ ቮልት ጋር የተገናኘ ማንኛውም አስተላላፊ ክዳን፣ ቀጭን የአልሙኒየም ወረቀት እንኳ ቢሆን፣ ይበቃል። ከትራንስፎርመሩ የሚያመልጠው መግነጢሳዊ መስክ ግን ሌላ ነገር ነው። በ50 ኸርዝ መስኩ በአልሙኒየም ውስጥ ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ለመዳከም 12 ሚሊ ሜትር ያህል መጓዝ አለበት፤ የእኛ ሳጥን ውፍረት ደግሞ ብዙ ቢሆን 2 ሚሊ ሜትር ነው። ለዚህ መስክ የአልሙኒየም ሳጥን እንደ መስኮት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የብረት ላሜራ መስኩን ወደ ራሱ ስቦ ስለሚያሳልፈው ይሻላል፤ ይሁን እንጂ ከሁሉም የሚረክሰው መፍትሔ ርቀት ነው። ከትራንስፎርመሩ ራቅ ሲባል መስኩ በርቀቱ ኩብ መጠን ስለሚቀንስ፣ ርቀቱን እጥፍ ማድረግ መስኩን ወደ አንድ ስምንተኛ ያወርደዋል። ትራንስፎርመሩን በአንድ ጥግ፣ መግቢያውን በተቃራኒው ጥግ እናድርግ። ከመጥበቁ በፊት ትራንስፎርመሩን እያዞሩ ድምፁ የሚያንስበትን አቅጣጫ መፈለግም ጥሩ ልምድ ነው፤ ሆኖም ይህ ሲደረግ በእያንዳንዱ ዙር ስፒናው ይነቀል።

ስለ እንጨትና ስለ ኮምፔንሳቶ ብዙ አንልም። ያምራሉ፤ ስለዚህ ለጎንና ለጎን መሸፈኛ ይሁኑ። ማቀዝቀዣው ግን ከውጭ አየር ያግኝ፤ ከሥርና ከላይም ቀዳዳ ይኑር።

አሁን የምንነግራችሁን ግን ደጋግማችሁ አንብቡት። ከብረት ወይም ከአልሙኒየም የተሠራ ሳጥን ውስጥ የ220 ቮልት ሽቦ ቢላቀቅና ሳጥኑን ቢነካ፣ ሳጥኑ የመሬት ሽቦ ከሌለው የሚነካው ሰው ራሱ የመሬት ሽቦ ይሆናል። ባለ ሁለት እግር ስፒና ለዚህ ሥራ አይሆንም። ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ በሳጥኑ ላይ በብሎን ይታሰር፤ ቀለም ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ከብሎኑ ሥር ያለው ቀለም ተፍቆ ይነሣ። የግድግዳው ሶኬትም የመሬት መስመር እንዳለው በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይረጋገጥ፤ ሦስተኛ ቀዳዳ መኖሩ ብቻ ማስረጃ አይደለም። የቲዲኤ 2030 የብረት ጀርባ በውስጡ ከአሉታዊው ቮልት ጋር የተገናኘ ስለሆነ፣ በቺፑና በሳጥኑ መካከል ሚካ፣ በብሎኑም ላይ የፕላስቲክ ቀለበት ያስፈልጋል።

ስፒናው ሶኬት ውስጥ ከመግባቱ በፊት በመልቲሜትር ሁለት ነገር ይለካ። ከስፒናው የመሬት እግር እስከ ሳጥኑ ከ1 ኦም በታች፣ ከቺፑ ጀርባ እስከ ሳጥኑ ደግሞ ምንም መተላለፍ የሌለበት መሆን አለበት።