ክረምቱ ሳይበረታ የግቢያችንን ውሃ እናስተካክል

ከፈተና በኋላ ወደ ቤተሰቦቻችን ስንመለስ ዋናው ዝናብ ገና ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይጠብቀናል። በጦሳ ተራራ ሥር እንዳለችው ደሴ ባሉ ከተሞች ብዙው ቤት ከላዩ ዳገት፣ ከታቹ ጎረቤት አለው። ቤቱን የሚጎዳው ውሃ በሦስት መንገድ ይመጣል።

1. ከዳገቱ የሚወርደው፦ ይህ ግድግዳው ጋ ሳይደርስ መያዝ አለበት። ከቤቱ በላይ ራቅ ብሎ ተዳፋቱን አግድም የሚያቋርጥ ቦይ ይቆፈር። ወርዱ 30፣ ጥልቀቱ 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ለአንድ ግቢ በአብዛኛው ይበቃል። በየ1 ሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል፤ በጣም ካዘነበለ ውሃው አፈሩን ይሸረሽራል፣ ካላዘነበለ ደግሞ ደለል ይሞላዋል። ልኩን ግንበኞች በሚጠቀሙበት ውሃ በተሞላ ግልጽ ጎማ ማግኘት ይቻላል። የሚወጣው አፈር በቤቱ በኩል ይደልደል።

2. ከጣሪያው የሚወርደው፦ 60 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 1,800 ሊትር፣ ማለትም 9 በርሜል ውሃ ነው። አሸንዳ ከሌለ ይህ ሁሉ መሠረቱ ሥር ይወርዳል። አፈሩ ዋልካ ከሆነ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ግድግዳውም አብሮ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የአሸንዳው ቱቦ እስከ ቦዩ ይድረስ። በቤቱ ዙሪያ ያለው መሬትም በ3 ሜትር ውስጥ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ከግድግዳው ይሽሽ። በዳገቱ በኩል ይህ የሚሆነው አፈሩን ቆርጦ በማንሳት ነው፤ ግድግዳው ላይ አፈር መከመር እርጥበት መጋበዝ ነው።

3. በአፈር ውስጥ ሰርጎ የሚመጣው፦ ይህ ከድጋፍ ግንብ ጀርባ ይጠራቀማል። ከ2 ሜትር ግንብ ጀርባ ውሃ እስከ አናቱ ቢሞላ፣ የአፈሩን ግፊት ሳንቆጥር፣ በየ1 ሜትር ርዝመቱ ወደ 2 ቶን ይገፋዋል። መፍትሔው ከጀርባው ጠጠር መሙላትና ከግርጌው ውሃ ማስወጫ ቀዳዳዎች መተው ነው። ያሉት ቀዳዳዎች በአፈር ከተደፈኑ ዛሬውኑ ይከፈቱ።

ውሃው ከግቢያችን ሲወጣ ጉዳዩ የጎረቤት ሐቅ ይሆናል። ራሳችንን ለማዳን ከታች ያለውን ቤት ማጥለቅለቅ በሸሪዓችን አይፈቀድም። ቦዩ መድረሻው የመንገዱ የውሃ መውረጃ ወይም የታወቀ ሸለቆ ይሁን። ከሌለ ከጎረቤት ጋር ተመካክሮ የጋራ ቦይ ማውጣት ይሻላል። ወደ መጸዳጃ ጉድጓድ ግን ፈጽሞ አይግባ፤ ጉድጓዱ ሞልቶ ፍሳሹ ወደ ሰፈሩ ይወጣል።

ሥራው ካለቀ በኋላ ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዘን ግቢውን እንዙር፤ ውሃው የት እንደሚቆም ያን ጊዜ ይታያል። ዳገቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ ከታየ፣ ግንቡ ካበጠ ወይም ዛፍና ምሰሶ ካዘመመ ግን አካፋ ማንሳት አያስፈልግም። ቤተሰቡ ሳይመሽ ይውጣ፣ ከታች ያሉትም ይነገራቸው፣ ቀበሌው ይወቀው።

አላህ ክረምቱን የረሕመት ያድርግልን።