ሁለት ሰከንድ የምታስከፍል ንክኪ፦ ስለ ካኑ ስላሎም

ካኑ ስላሎም በሚናወጥ ውሃ ላይ የሚካሄድ የጀልባ ውድድር ነው። በቴሌቪዥን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ሰው፣ አንድ ጡንቸኛ ከጎርፍ ጋር ግብግብ የገጠመ ይመስለዋል። ይህን ግምት ከወዲሁ ማረም እፈልጋለሁ፤ በዚህ ስፖርት ከውሃው ጋር የሚታገል ሰው ይሸነፋል። የሚያሸንፈው ውሃውን የሚያሠራው ነው። ከዚህ በታች የማስረዳው ሁሉ ይህንኑ ለማሳየት ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጀልባው እና በሩ

ሁለት ዓይነት ጀልባ አለ። የካያክ ቀዛፊ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል፤ መቅዘፊያውም በሁለቱም ጫፍ ምላስ አለው። የካኑ ቀዛፊ ግን ይንበረከካል፤ የመቅዘፊያው ምላስ አንድ ብቻ ነው። ሁለቱም ጀልባዎች ከካርቦን ፋይበር የሚሠሩ፣ ቀላልና ጠፍጣፋ፣ ርዝመታቸውም 3.5 ሜትር ገደማ የሆነ ናቸው።

ቀዛፊው ብቻውን ይወርዳል፤ ተፎካካሪው ሰዓት ነው። ከ200 እስከ 400 ሜትር በሚደርሰው መንገድ ላይ ከሽቦ የተንጠለጠሉ ጥንድ ዘንጎች አሉ፤ እያንዳንዱ ጥንድ በር ይባላል። አረንጓዴና ነጭ የተቀባውን በር ከውሃው ጋር ቁልቁል ያልፉታል። ቀይና ነጩን ግን ዞረው፣ ፊታቸውን ወደ መጡበት መልሰው፣ ሽቅብ ማለፍ ግዴታ ነው። እንዲህ ያሉት ቀይ በሮች ከ6 አያንሱም። ጨዋታው ያለው እነሱ ላይ ነው።

ውሃ ወደ ኋላ የሚመለስበት ቦታ

ሰው በዚያ ሁሉ ፈጣን ውሃ ላይ እንዴት ሽቅብ ይቀዝፋል? መልሱ፣ ውሃው ራሱ ሽቅብ የሚሄድበት ቦታ መኖሩ ነው።

የሚወርድ ውሃ ትልቅ ድንጋይ ሲገጥመው በግራና በቀኝ ተከፍሎ ያልፋል። ከድንጋዩ ጀርባ ያለውን ክፍተት ለመሙላት ግን ከታች በኩል ውሃ ይመለሳል። ወንዝ ዳር ያደገ ሰው፣ ቅጠል ወይም አረፋ ቁልቁል መሄዱን ትቶ ከድንጋይ ጀርባ ሲሽከረከር አይቶ ይሆናል፤ ነገሩ እሱ ነው። ቀያዮቹ በሮች ብዙውን ጊዜ የሚሰቀሉት በዚህ ተመላሽ ውሃ ላይ ነው።

አሁን የሚወርደውና የሚመለሰው ውሃ የሚጎራበቱበትን ድንበር አስቡ። ቀዛፊው የጀልባውን አፍንጫ ከድንበሩ ሲያሻግር፣ ጭራው ገና በሚወርደው ውሃ ውስጥ ነው። አፍንጫው ሽቅብ፣ ጭራው ቁልቁል ይሳባል፤ ጀልባው በቅጽበት ይዞራል። የዞረው በክንድ ጉልበት ሳይሆን በሁለት ተቃራኒ ጅረቶች ኃይል ነው። ቀዛፊው ማድረግ ያለበት በትክክለኛው ነጥብ ላይ መድረስ፣ ገላውን ወደሚዞርበት ጎን ማዘንበል፣ መቅዘፊያውንም እንደ ምሰሶ ተክሎ መያዝ ነው። ግማሽ ሜትር ቢያሳልፍ ተመላሹን ውሃ ያጣዋል፤ ያኔ በእርግጥ በጉልበት መታገል ይጀምራል፣ ሰዓቱም ይሄዳል።

ጥሩዎቹ ደግሞ ወደ ኋላ ዘንበል ብለው ጭራውን ያሰምጡታል። አፍንጫው ይነሳል፣ ጀልባው ባለበት ይሾራል፣ የሰመጠው ጭራም ከተንጠለጠለው ዘንግ ሥር ሾልኮ ያልፋል። በዝግታ ሲታይ ከዚህ የሚያምር ነገር በውሃ ስፖርት ውስጥ አላውቅም።

የሁለት ሰከንድ ሒሳብ

ዘንጉን በጀልባ፣ በመቅዘፊያ ወይም በገላ መንካት 2 ሰከንድ ያስጨምራል። በሩን መሳት 50 ሰከንድ ነው፤ ያም ማለት ውድድሩ እዚያው አበቃ።

2 ሰከንድ ትንሽ ይመስላል። የቶኪዮን ኦሎምፒክ የሴቶች ካያክ ፍጻሜ እንመልከት። ጀርመናዊቷ ሪካርዳ ፉንክ ምንም ሳትነካ በ105.50 ሰከንድ ጨርሳ ወርቅ ወሰደች። አውስትራሊያዊቷ ጄሲካ ፎክስ በ106.73 ሦስተኛ ሆነች። በፎክስ ሰዓት ውስጥ ግን የሁለት ንክኪ ቅጣት፣ 4 ሰከንድ አለ። ቅጣቱን ብንቀንስ 102.73 ይሆናል፤ በውሃው ላይ ከሁሉም ፈጣን ነበረች ማለት ነው። ከሁለቱ ንክኪዎች አንዷ ብቻ ብትቀር ወርቁ የእሷ ነበር።

ቀዛፊው በየበሩ የሚወስነው ይህንን ነው፦ ወደ ዘንጉ በተጠጋ ቁጥር መንገዱ ያጥራል፣ አደጋው ይጨምራል። ፎክስ በቶኪዮ በካኑ ወርቅ አገኘች፤ በፓሪስ 2024 ደግሞ ሁለቱንም፣ ካያኩንም ካኑንም፣ አሸነፈች። በዚያው የፓሪስ ካያክ ፍጻሜ ፉንክ በር ስታ 50 ሰከንድ ተጨመረባት።

ያልተለማመዱበት መንገድ

ለትልቅ ውድድር የበሮቹ አቀማመጥ እንደ አዲስ ይነደፋል፤ ተወዳዳሪዎቹም በሮቹ ከተሰቀሉ በኋላ እንዲለማመዱ አይፈቀድላቸውም። ሌሎች ቀዛፊዎች ለማሳያ ሲወርዱ ያያሉ፣ ዳር ዳሩን እየተራመዱ ውሃውን ያጠናሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው በእጃቸው ሲቀዝፉ ብታዩ መንገዱን በቃላቸው እየያዙ ነው።

ቦይ ያለውና የሌለው

ስላሎም በ1930ዎቹ ስዊዘርላንድ ውስጥ ከበረዶ ሸርተቴ ተቀድቶ የተጀመረ ነው፤ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ1949 ጄኔቫ ላይ ተካሄደ። ወደ ኦሎምፒክ የገባው ማሞ ወልዴ በማራቶን ነሐስ ባገኘበት በ1972ቱ የሙኒክ ውድድር ነው። ለስላሎሙ ተብሎ በአውግስቡርግ ከተማ ሰው ሠራሽ የኮንክሪት ቦይ ተሠራ። ምሥራቅ ጀርመኖች ቦዩን አጥንተው ተመሳሳዩን በአገራቸው፣ በጽቪካው፣ ሠሩና እዚያ ሲለማመዱ ቆዩ። አራቱንም ወርቆች ጠራርገው ወሰዱ። ከዚያ በኋላ ስፖርቱ ወደ ኦሎምፒክ የተመለሰው ከ20 ዓመት በኋላ፣ በባርሴሎና 1992 ነው።

የዛሬዎቹ ቦዮች ብዙዎቹ በፓምፕ የሚሠሩ ናቸው፤ ለሲድኒ 2000 የተሠራው የፔንሪዝ ቦይ አንዱ ነው። ይህ ሀብት ይጠይቃል፤ የአፍሪካ ቀዛፊዎች ቁጥር ማነስም ከዚህ የሚለይ አይመስለኝም። እንዲያም ሆኖ በቤጂንግ 2008 ቤንጃሚን ቡክፔቲ በካያክ ነሐስ አገኘ። አባቱ ቶጓዊ፣ እናቱ ፈረንሳዊት፣ የተወለደውም ፈረንሳይ ነው፤ የቀዘፈው ግን ለቶጎ ነበር። በደስታ መቅዘፊያውን ጀልባው ላይ መትቶ ሰበረው። ቶጎ በየትኛውም ስፖርት ያገኘችው የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ነው።

አራት ሆነው ሲወርዱ

በፓሪስ ካያክ ክሮስ የሚባል አዲስ ውድድር ተጨመረ። አራት ሰዎች ጠንካራ የፕላስቲክ ጀልባ ይዘው ከከፍታ በአንድ ጊዜ ውሃው ላይ ይዘላሉ፤ መገፋፋት ይፈቀዳል፤ በመሐል ሁሉም ተገልብጠው መነሳት አለባቸው። የሴቶቹን ወርቅ የጄሲካ ታናሽ እህት ኖኤሚ ፎክስ ወሰደች። ለተመልካች ቶሎ የሚገባና የሚያጓጓ ነው፤ ውሃ ማንበብን መማር ለሚፈልግ ግን አሁንም አንዱን ቀዛፊ ብቻውን፣ ቀዩ በር ላይ ሲደርስ ማየት ይሻላል እላለሁ።