«ዐይን» የተባለው ኮከብ



ባለፈው የብርድ ወቅት አንድ ምሽት፣ ከኢሻ ሰላት በኋላ አምስት ወጣቶችን ይዤ ወደ መስጂዳችን መኪና ማቆሚያ ወጣሁ። «ዐይን» የሚባል ኮከብ ላሳያቸው ነበር። ወደ ሰማይ ጠቆምኩ። አራቱ ወዲያው «አየነው!» አሉ። አንዷ ግን «እኔ ምንም አይታየኝም» አለች። እውነቱን ልንገራችሁና እኔም አላየሁትም ነበር፤ የመብራት ምሰሶው ፊት ለፊታችን ቆሟል። በልማድ ነው የጠቆምኩት።

ኮከቡ የት እንዳለ ልንገራችሁ። ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ባሉት ምሽቶች ወደ ደቡብ ዞራችሁ በአንድ መስመር የተደረደሩ ሦስት ኮከቦችን ፈልጉ። መስመራቸውን ሽቅብ ወደ ቀኝ ስትከተሉ ደማቁን ብርቱካንማ ኮከብ አልደበራንን ታገኛላችሁ። እዚያ ያሉት ኮከቦች እንደ ባላ እንጨት ለሁለት የተከፈለ ቅርጽ አላቸው። በአንዱ ጫፍ አልደበራን፣ በሌላኛው ጫፍ ዐይን አለ።

ሁለቱም ብርቱካንማ ግዙፍ ኮከቦች ናቸው። ጎረቤት ይመስላሉ እንጂ አይደሉም፤ አልደበራን 65 የብርሃን ዓመት ያህል ሲርቅ ዐይን ወደ 150 ይጠጋል። ዛሬ የምናየው ብርሃኑ የተነሣው በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጊዜ፣ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በተካሄደበት ዘመን ግድም ነው። (ያን ታሪክ ቤት ውስጥ ጠይቁ።) የኮከቡ ስፋት ከፀሐይ 12 እጥፍ ይበልጣል። ዕድሜው ግን ከፀሐይ በጣም ያንሳል፤ ፀሐይ 4.6 ቢሊዮን ዓመት ስትሆን እሱ አንድ ቢሊዮን እንኳ አልሞላም። ታዲያ እንዴት ቀድሟት አረጀ? ከባድ ስለሆነ ነው። እንደ ትልቅ ጄኔሬተር ነዳጁን፣ ማለትም በእምብርቱ ያለውን ሃይድሮጅን፣ ቶሎ ጨረሰ፤ ከዚያ አበጠ፣ ገጹም ቀዘቀዘ። በ2007 ደግሞ የሚዞረው ግዙፍ ፕላኔት እንዳለ ታወቀ።

ስሙ ዐረብኛ ነው፤ የበሬው ዐይን ማለት ነው። አማርኛችሁ ደካማ ቢሆንም ይህችን ቃል የማያውቅ የለም፤ በሁለቱም ቋንቋ አንድ ናት። የኮከቦቹን ስብስብ ራሱን የአገራችን የቆዩ መጻሕፍት «ሰውር» ይሉታል፤ እሱም የዐረብኛው በሬ ነው። (ስሙን ነው የወሰድኩት፣ ጥንቆላውን አይደለም።) ዐብዱረሕማን አስ-ሱፊ በ964 ገደማ የኮከቦች መጽሐፉን ሲያዘጋጅ የግሪካዊውን የበጥሊሞስን ዝርዝር ይዞ ነበር። ዝም ብሎ አልገለበጠውም፤ የኮከቦቹን ድምቀት እንደገና በራሱ ዐይን መዝኖ የተለየበትን አስተካከለ።

ወደዚያ ምሽት ልመለስና፣ ይቅርታ ጠይቄ ከሕንጻው ጀርባ ወደ ጨለማው ወሰድኳቸው። ስልክ ኪስ ገባ፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቅን። ደብዛዛ ኮከብን ከጎኑ አሻግሮ ማየት ይሻላል፤ የዐይናችን መሐል ለደካማ ብርሃን ሰነፍ ነው። ከአራቱ አንዱ «ቅድም ያየሁት አውሮፕላን ነበር መሰለኝ» አለ። በመጨረሻ ያቺ ልጅ «አሁን ታየኝ» አለች፤ ቀጥላም «ግን ብርቱካንማ አይደለም፣ ነጭ ነው» ብላ ሞገተችኝ።

ልክ ነበረች። የዐይን ጠርዝ በጨለማ ቀለም አይለይም። በሚቀጥለው ጊዜ ባይኖኩላር ይዤ እመጣለሁ ብያታለሁ።