ሩቅ ያለ አደራ እንዴት ይመረመራል?

አደራ ማስቀመጥ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። አደራ ተቀባዩ ጎረቤት ሲሆን ነገሩ ቀላል ነው፤ ጎተራው ቅርብ ስለሆነ ሄዶ ማየት ይቻላል። ዛሬ ግን የጥናታችንን መዝገብ የምናስቀምጠው ባለቤቱን በማናውቀው፣ ቦታውንም በማናየው ኮምፒዩተር ውስጥ ነው፤ ይህም ሰርቨር ይባላል። እንግዲህ ሄደን ሳናይ፣ ዕቃውንም ሁሉ መልሰን ሳናስመጣ፣ ያስቀመጥነው ሳይጎድል መኖሩን በምን እናውቃለን? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ጥያቄ የተገኘውን የሒሳብ ዘዴ ለአንባቢያን በአጭሩ ማስረዳት ነው።

ሀ/ ነገሩ ለምን ያሳስበናል?

አርሲ የስንዴ አገር ነው። ካዱ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1967 በአሰላ ከተቋቋመ ወዲህ፣ ከከተማው በስተሰሜን በምትገኘው በቁሉምሳ የስንዴ ምርምር ሲካሄድ ኖሯል። የዚህ ዓይነቱ ምርምር ፍሬ ዘሩ ብቻ አይደለም፤ የየዓመቱ መዝገብም ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ማብቂያ ላይ ዲጋሉ የተባለው የስንዴ ዝርያ በባሌና በአርሲ በግንድ ዋግ ተመትቶ ነበር። እንዲህ ያለ መቅሠፍት ሲደርስ ተመራማሪው የሚሻው የቀድሞውን መዝገብ ነው፦ የትኛው ዝርያ፣ በየትኛው ስፍራ፣ በምን ዓይነት ዝናብ በሽታውን ተቋቋመ?

አደገኛው ነገር እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለው መዝገብ ለብዙ ዓመት ሳይከፈት ሊቀመጥ ይችላል። ያልተከፈተ መዝገብ ቢጎድል ደግሞ ባለቤቱ አያውቅም። ሰርቨሩን የያዘው ወገን ዲስክ ሲበላሽበት ስሙ እንዳይጠፋ ጉዳቱን ሊሸሽግ፣ ወይም ወጪ ለመቀነስ ሲል ማንም የማይጠይቀውን ክፍል ሊጥል ይችላል። ጉድለቱ የሚገለጸው መዝገቡ በተፈለገበት ቀን፣ ማለትም ጊዜው ካለፈ በኋላ ይሆናል።

ለ/ የማይበቃው ዘዴ

ለማንኛውም ፋይል አጭር አሻራ ማውጣት ይቻላል፤ ባለሙያዎች ሐሽ ይሉታል። ኤስ.ኤች.ኤ. 256 የተባለው ስሌት ትልቁንም ትንሹንም ፋይል ወደ 32 ባይት ያጠቃልለዋል። በፋይሉ ውስጥ አንዲት ፊደል ብትለወጥ አሻራው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል።

ታዲያ አሻራውን በእጃችን ይዘን ሰርቨሩን «የፋይሉን አሻራ ንገረኝ» ብንለውስ? አይበቃም። ሰርቨሩ አሻራውን አንድ ጊዜ አስልቶ ከያዘ በኋላ ፋይሉን ቢጥለውም፣ በጠየቅነው ቁጥር ያንኑ 32 ባይት ይመልስልናል። ትምህርቱን ትቶ ያለፈውን ዓመት ፈተና መልስ እንደሸመደደ ተማሪ መሆኑ ነው። ስለዚህ ጥያቄው በየጊዜው መለወጥ አለበት።

ሐ/ የሚበቃው ዘዴ

ራልፍ መርክል እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረበው የአሻራ ዛፍ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። 4 ጊጋባይት የሆነ ፋይል እያንዳንዳቸው 4,096 ባይት በሆኑ 1,048,576 ቁራጮች ይከፈላል እንበል። በመጀመሪያ የየቁራጩን አሻራ እናወጣለን፤ ቀጥሎም አሻራዎቹን ሁለት ሁለቱን አጣምረን የጥምሩን አሻራ እናወጣለን። እንዲህ እያልን 20 ደረጃ ስንወጣ አንድ አሻራ ብቻ ይቀራል። ዛፉ ተገልብጦ የቆመ ስለሆነ ይህ የመጨረሻው አሻራ ሥር ይባላል። በእኛ እጅ መቅረት ያለበት እርሱ ብቻ ነው፤ ሲጻፍም 64 ምልክት ስለሆነ የደብተር አንድ መስመር ይበቃዋል።

በምርመራው ቀን «ቁራጭ ቁጥር 731,402ን አምጣ» እንላለን። ሰርቨሩ ቁራጩን፣ እንዲሁም ወደ ሥሩ ለመድረስ የሚያስፈልጉትን 20 አሻራዎች ይልካል። እኛ እያጣመርን ስናሰላ ውጤቱ በደብተራችን ካለው ሥር ጋር ከተስማማ ቁራጩ እውነተኛ ነው። ቁራጩን የጣለ ሰርቨር ከሥሩ ጋር የሚስማማ ሐሰተኛ ቁራጭ ሊፈጥር የሚችልበት መንገድ አይታወቅም።

ግን ስንት ቁራጭ እንጠይቅ? 1,000 ጆንያ ስንዴ የሚረከብ ሰው ጆንያውን ሁሉ አያራግፍም፤ ጫፉ የሾለ ቱቦ እየሰካ ከጥቂቶቹ ናሙና ይወስዳል። ናሙናው የሚታመነው ግን አስረካቢው የትኛው ጆንያ እንደሚወጋ አስቀድሞ ካላወቀ ብቻ ነው። የእኛም ቁጥሮች በዕጣ መውጣት ያለባቸው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሒሳቡን እንመልከት። ከፋይሉ ከ100 አንድ እጁ ቢጎድል፣ በዕጣ የወጣ አንድ ቁራጭ ደኅና ሆኖ የመገኘት ዕድሉ 0.99 ነው። 460 ቁራጭ ብንጠይቅ፣ ሁሉም ደኅና ሆነው የመገኘታቸው ዕድል 0.99 በራሱ 460 ጊዜ ተባዝቶ ከ0.01 ያነሰ ይሆናል። ይኸውም ጉድለቱን ከ100 ጊዜ 99ኙን እንደርስበታለን ማለት ነው። 460ው ቁራጭ ከነአሻራው 2.2 ሚሊዮን ባይት ገደማ ነው፤ ከሙሉው ፋይል 2,000 እጅ አንዱን ያህል መሆኑ ነው። ፋይሉ 10 እጥፍ ቢያድግም የሚጠየቀው ቁራጭ ያው 460 ነው።

ከዚህ የተሻለም አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ጁሴፔ አቴኒየዜ ከባልደረቦቹ ጋር ባቀረበው ዘዴ፣ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ባለቤቱ ብቻ ሊሠራው የሚችል ምልክት ይደረጋል። ሰርቨሩም የተጠየቁትን ቁራጮች በሒሳብ አዋሕዶ አንድ አጭር መልስ ይሰጣል እንጂ ቁራጮቹን አይልክም። በ2008 ሆቫቭ ሻካምና ብሬንት ዋተርስ የባለቤቱን ምሥጢራዊ ቁልፍ የማያውቅ ሦስተኛ ወገንም በአጭር መልስ የሚመረምርበትን መንገድ አሳዩ።

መ/ የዘዴው ወሰን

ከሚሊዮኑ ቁራጭ አንዱ ብቻ ቢጠፋ 460 ጥያቄ ሳያገኘው የማለፉ ነገር እርግጥ ነው ለማለት ይቻላል። ያ አንድ ቁራጭ ግን የአንድ መኸር መዝገብ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አሪ ጁልስና በርተን ካሊስኪ እ.ኤ.አ. በ2007 ባቀረቡት ዘዴ፣ ፋይሉ ከመላኩ በፊት የጎደለውን ከቀረው ለመሙላት የሚያስችል ትርፍ ይጨመርበታል። እንግዲህ ሁለቱ ይደጋገፋሉ፦ ትንሹ ጉድለት ይጠገናል፤ ትልቁ ጉድለት ይጋለጣል።

ምርመራው ዛሬ መኖሩን ያሳያል እንጂ ነገ ለመመለሱ ዋስ አይሆንም። ስለዚህ ሌላ ቅጂ በሌላ ስፍራ ማኖር የግድ ነው። እንዲሁም ይህ ዘዴ ይዘቱን ከሰው ዓይን አይሸሽግም፤ መሸሸግ ካስፈለገ ፋይሉን በምሥጢር ቁልፍ መቆለፍ የተለየ ሥራ ነው።

ሠ/ መደምደሚያ

«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይባላል። ይህ አባባል የሚመለከተው ሰርቨሩን ብቻ አይደለም። ለመመረቂያ ጥናቱ ወደ ጭላሎ ግርጌ ወርዶ የገበሬውን ማሳ የለካ፣ ምርቱንና ችግሩን ጠይቆ የጻፈ ተማሪ ራሱ አደራ ተቀባይ ነው። ገበሬው ጊዜውን የሰጠው ጽሑፉ ለአንድ ማዕርግ ብቻ እንዲውል አይደለም። ስለዚህ መዝገባችንን ለሩቅ ሰርቨር ከማስረከባችን በፊት ሥሩን አስልተን በጽሑፋችን ገጽ ላይ እናስፍር፤ በየመንፈቁም ዕጣ አውጥተን እንጠይቅ። ሰርቨሩ ዛፉን የማያሰላ ከሆነ የአሻራዎቹን ዝርዝር ራሳችን እንያዝ፤ ለ4 ጊጋባይት ፋይል 32 ሜጋባይት ብቻ ነው። ከእኛ በኋላ የሚመጣው ተማሪም በዚያች አንድ መስመር የተረከበው መዝገብ ያው የመጀመሪያው መሆኑን ለማረጋገጥ ይችላል።