ከጎረቤት ጉድጓድ ለግንባታ ውሃ ስንቀዳ፦ ለሰፈራችን ሰዎች ማሳሰቢያ

የቧንቧ ውሃችን በፈረቃ ነው፤ ግንባታ ግን ፈረቃ አይጠብቅም። ሲሚንቶ ይቦካል፣ ብሎኬት ይርሳል፣ የተሞላ ሶሌታም ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ጉድጓድ ያለው ጎረቤት በር ይንኳኳል፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ እሺ ይላል። እሺታው ለማንም ጉዳት እንዳይሆን እነዚህን እናስብ።

እናድርግ

• ቀድመን እንነጋገር፦ በቀን ስንት በርሜል? በስንት ሰዓት? የመብራቱን ሂሳብ ማን ይከፍላል? ሳይነገር የቀረ ነገር ጎረቤት ያቀያይማል።
• ከፋፍለን እንቅዳ፣ በተለይ ክረምት ከመግባቱ በፊት ባሉት ወራት። እስከ ጭቃው የተጠባ ጉድጓድ ባለቤቱን ደፍራሽ ውሃ ያጠጣዋል።
• የጉድጓዱን አፍ በሚቆለፍ ክዳን እንዝጋ፤ ልጆቻችን የግንባታ ቦታ ይወዳሉ።
• ለግንባታው የራሱ ባልዲና ገመድ ይኑረው፤ ሲሚንቶ የነካው ባልዲ ወደ ሰው መጠጥ መግባት የለበትም።
• ለሠራተኞች የሚጠጣውን ውሃ አፍልተን ወይም ውሃ አጋር ጨምረን ለብቻ እናስቀምጥ። የጉድጓድ ውሃ መጥራቱ ንጹሕነቱን አያሳይም፤ አካፋ ይዞ የዋለ ልጅ ደግሞ ያገኘውን ይጠጣል።
• የሠራተኞች መጸዳጃ ከጉድጓዱ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። (በ150 ካሬ ላይ 30 ሜትር ከየት ይመጣል? እውነት ነው። እንግዲያው አዲስ ከመቆፈር የጎረቤት መጸዳጃ መለመን ይሻላል።)
• የዲናሞው ሽቦ ከመሬት ከፍ ይበል፣ የራሱ ብሬከርም ይኑረው፤ እርጥብ መሬት ላይ በባዶ እግሩ የሚቆም ሰው አለ።

እንተው

• የጉድጓዱን መስመር ከከተማው ቧንቧ ጋር አናገናኝ። ፈረቃው ሲያልፍ የቧንቧው ግፊት ይወርዳል፣ የጉድጓዱ ውሃም ወደ ጋራ መስመር ይገባል። «ቫልቭ ዘግቻለሁ» አይበቃም፤ ቫልቭ ያፈስሳል።
• የጎማውን ጫፍ በርሜል ውስጥ ነክረን አንሂድ። መብራት ሲጠፋ ውሃው ሲሚንቶውን ይዞ ወደ ጉድጓዱ ሊመለስ ይችላል፤ ከበርሜሉ አፍ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ይንጠልጠል።
• ጉድጓዱ አጠገብ አናቡካ፣ ነዳጅም አናስቀምጥ፤ የፈሰሰው ሁሉ ወደ ታች ነው የሚሰርገው።
• በነዳጅ የሚሠራ ፓምፕ ወይም ጄኔሬተር ወደ ጉድጓድ ፈጽሞ አናውርድ።

በዚህ የመጨረሻው ላይ ትንሽ እንቆይ። ነገሩ የሚጀምረው በቅንነት ነው። ላይ የተቀመጠ ፓምፕ ከ7 ወይም ከ8 ሜትር በታች ያለ ውሃ መሳብ ያቅተዋል፤ ውሃው ሲርቅ አንዱ «እስቲ ዝቅ እናድርገው» ይላል። ከሞተሩ ጭስ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ መውጫ ያጣል። የወረደው ሲወድቅ ጓደኛው ሊያወጣው ይወርዳል፣ ሌላው ይከተላል። ስለዚህ የወደቀ ሰው ብናይ ልባችን ቢቃጠልም ተከትለን አንውረድ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ከሆንን በ939 እሳት አደጋን እንጥራ። ሞተር ባይኖርም የቆየ ጉድጓድ አየሩ ሊበላሽ ይችላልና፣ ለጽዳት ብለን የቀን ሠራተኛ ዝም ብለን አንላክ። ውሃው ከራቀን ውሃ ውስጥ የሚገባ የመብራት ፓምፕ እናስገባ፤ ያም ካልሆነ ቦቴ እንጥራ፣ ውድ ቢሆንም።

ግንባታው ሲያልቅ ጎማውን ጠቅልለን ብቻ አንሂድ። ጉድጓዱን የሚያውቅ ባለሙያ በክሎሪን እንዲያክመው እናድርግ፤ ወጪው የቀዳነው የእኛ ነው። የክሎሪኑ ሽታ እስኪጠፋ ድረስም ባለቤቶቹ ለመጠጥ እንዳይቀዱ እንንገራቸው።