ከ«ከዚያ» ወደ «ስለዚህ»፤ የልብ ወለድ ሴራ



ስለ ጉዞ የጻፋችሁትን ድርሰት በጅቡቲ ሙቀት፣ ማታ ማታ ሳነብ ሰነበትሁ። ከልብ የመነጨ ነው። ነገር ግን አብዛኛው «ከድሬዳዋ ተነሣን፤ ከዚያ ደወሌ አደርን፤ ከዚያ ዓሊ ሳቢህ ደረስን» እያለ ይሄዳል። ይህ የድርጊት ቅደም ተከተል እንጂ ሴራ አይደለም።

እዚህ ላይ ሴራ ስንል ተንኮል ማለታችን አይደለም (ትልም የሚሉትም አሉ)። አንዱ ድርጊት ሌላውን የሚወልድበት የምክንያትና የውጤት ሰንሰለት ነው።

በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሀዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንመልከት። ፊታውራሪ መሸሻ በዘራቸው እጅግ ስለሚኮሩ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የሚመጥን ባል ያጣሉ። ስለዚህ ሰብለ ሳታገባ ትቆያለች። በዛብህ ሊያስተምራት ወደ ቤቱ ይገባል፤ ይዋደዳሉ። ነገር ግን እሱ የድሃ ልጅ ነው፤ በዚያ ላይ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን በስለት ሰጥተውታል። ግጭቱ ከዚህ ይነሣል። ነገሩ ሲታወቅ በዛብህ ወደ አዲስ አበባ ይሸሻል፤ እሷም መነኩሴ መስላ ፍለጋ ትወጣለች። ልብ በሉ፦ ፊታውራሪ ባይኮሩ ኖሮ ሰብለ ቀድሞ ተድራ፣ በዛብህም ያንን ደጃፍ ባልረገጠ ነበር። የኮሩበት ነገር ራሱ የፈሩትን ወደ ቤታቸው አስገባው። ሴራ ማለት ይህ ነው።

መጨረሻ ላይ ግን ሰብለ በዛብህን የምታገኘው መንገድ ላይ ሽፍቶች ጎድተውት፣ በሞት አፋፍ ላይ ሳለ ነው። እነዚህ ሽፍቶች ከሰንሰለቱ የበቀሉ ናቸው ወይስ ደራሲው ከውጭ ያመጧቸው? እኔ ከውጭ የመጡ ይመስለኛል። የማትስማሙ ካላችሁ በክፍል ውስጥ ተከራከሩኝ።

አሁን ወደ ደብተራችሁ። ከእናንተ አንዷ «እናቴ የነጠላዋን ቋጠሮ ስትፈታ አየሁ፤ ከዚያ መኪና ተሳፈርን» ብላ አልፋለች። (ፈቅዳልኝ ነው የጠቀስሁት።) ቋጠሮው ውስጥ ምን ነበር? ለምን ተቀምጦ ነበር? ለምን በዚያን ዕለት ተፈታ? እናትየዋ በመፍታቷ ምን አጣች? በነዚያ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች መካከል አንድ ሙሉ ልብ ወለድ ተደብቋል።

ስለ ራሱ መጻፍ የከበደው አይገደድም፤ ስለ ሌላ ሰው ይጻፍ። እኔም ዩኒቨርሲቲ አቋርጬ የወጣሁበትን ቀን እስከ ዛሬ በ«ከዚያ» ብቻ ነው የማወራው።

የቤት ሥራ፦ ከድርሰታችሁ አንድ አንቀጽ መርጣችሁ «ከዚያ» የሚለውን ሁሉ ሰርዙ። በምትኩ «ስለዚህ» ወይም «ነገር ግን» አስገቡ። ቃሉ አልገባም ያለበት ቦታ ላይ በእርሳስ አክብቡ፤ ምክንያቱ ሳይጻፍ የቀረው እዚያ ነው። ሐሙስ ይዛችሁ ኑ፤ ወረቀት ያለቀበት ከእኔ ይውሰድ።